ድልብ ዳገት ላይ ኦቶማቲክ ካምቢዮ አልስብ አለኝ፤ ልቀይረው ወይስ ይፈታ?

ጦሳ ሥር (ደሴ) · ሰኞ ማታ 2:40

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት።

መኪናዬ የ1998 ፕራዶ ናት። በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው። 3.0 ናፍጣ ቱርቦ፣ ባለ 4 ማርሽ ኦቶማቲክ። ቅዳሜ ቤተሰብ ይዤ ከደሴ ወደ ላሊበላ ወጣሁ። 5 ሰው ነን። ፖርቶ መጋላው ላይ አንድ ኩንታል ጤፍና የእናቴ ኮተት አለ። ወልድያ ድረስ ምንም የለም። ምሳ በልተን ድልብን መውጣት ጀመርን። ዳገቱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከፊታችን አንድ የጫነ ሲኖ ነበር። መቅደም አልተቻለም። በእግረኛ ፍጥነት ተከተልኩት።

ግማሽ ላይ ስንደርስ የማላውቀው መብራት በራ። «ኤቲ ኦይል ቴምፕ» ይላል። የሞተር ሙቀቱ መሃል ላይ ስለነበረ ናቅሁት። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትሄድም። ነዳጅ ስሰጣት ዙሩ ይወጣል፣ ፍጥነቷ ያው ነው። የሆነ ነገር አርሮ ሸተተኝ። ዳር ይዤ አጠፋኋት። እናቴ ከኋላ ውዳሴ ማርያም ጀመረች።

አንድ ሰዓት አረፍን። ስነሳ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ሄደች። ከዚያ ዲ ላይ ጭራሽ እምቢ። የኋላ ማርሽ ግን ይሠራል። ቤተሰቡን በሚኒባስ ሸኘሁ። እኔ መኪናዋን በአይሱዙ ጭኜ ደሴ ገባሁ።

ሁለት መካኒክ አየልኝ። አንደኛው «ይሄ አይፈታም፣ አዲስ አበባ ሄደህ ያገለገለ ካምቢዮ ግዛ» አለኝ። ሁለተኛው «እፈታዋለሁ፣ ግን ቃል አልገባልህም» አለ። የቱን ልስማ?


ሀርድቶፕ ብቻ (ወልድያ) · ሰኞ ማታ 2:55

አብሽር ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ልበልህ፤ ኦቶማቲክ ለከተማ ነው። ለድልብ ማኑዋል ነው የሚባለው። ፍሪሲዮን ቢቃጠል እንኳ እዚሁ ወልድያ በአንድ ቀን ይቀየርልሃል።


የውጫሌው · ሰኞ ማታ 3:10

@ሀርድቶፕ ብቻ ሰውየው ቤቱ ሲቃጠል «ሣር ቤት ለምን ሠራህ» አትበለው።

ጦሳ፣ ወፍራም የሞተር ዘይት አንድ ሊትር ጨምርበት። የአጎቴ ኮብራ እንዲህ ሆና በዚህ ነው የተነሣችው። ካልሆነ ባትሪ ንቀልና ሩብ ሰዓት ቆይተህ መልስ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ሰኞ ማታ 4:05

ዛሬ ባቲ ገበያ ውዬ ገና መግባቴ ነው። የውጫሌው ወንድሜ፣ እባክህ የሞተር ዘይት የሚለውን ተወው። ያረጀ ካምቢዮ ለአንድ ሳምንት የያዘ ይመስላል፣ ከዚያ ቀጫጭን የዘይት መንገዶቹን ይዘጋል። ለአጎትህ ኮብራም አላህ ይድረስላት።

ጦሳ፣ ገና ለመግዛትም ለመፍታትም አትቸኩል። መጀመሪያ እነዚህን ንገረኝ። ዘይቱ ምን ይመስላል? ቀለሙንም ሽታውንም። ኦዲ ኦፍ (4ኛ ማርሽ ሲዘጋ የሚበራው) የሚለው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል? ኤል (ዝቅተኛው የወደፊት ማርሽ) ላይ ስታደርገው ወደፊት ይሄዳል?

ዘይት አለካኩን ታውቀዋለህ? እንደ ሞተር ዘይት አጥፍተህ አይደለም። ሞተሩ እየሠራ፣ ሞቆ፣ ፍሬን ረግጠህ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈህ፣ ፒ ላይ መልሰህ ነው። አጥፍተህ ብትለካው ከእውነተኛው በላይ ያሳይሃል፣ ሙሉ ነው ብለህ ትሸወዳለህ።


ጦሳ ሥር · ማክሰኞ ጠዋት 1:30

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን አየሁት። መጠኑ ልክ ነው። ቀለሙ ግን ጥቁር ቡናማ ነው። ሽታው ምጣድ ላይ ተረስቶ ያረረ ቡና ነው። ኦዲ ኦፍ አይበራም። ኤል ላይም አልሄደችም። አር ላይ ግን ጎትታ ትወጣለች።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ጠዋት 3:15

ጥሩ፣ ግማሹ ታወቀ።

የኤሌክትሪክ ችግር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ኦዲ ኦፍ በብልጭታ ይነግርህ ነበር። ለሌሎች አንባቢዎች፦ በእነዚህ የቆዩ ቶዮታዎች ሞተር ክፍል ውስጥ ካለችው የምርመራ ሳጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን በሽቦ ታገናኙና ቁልፉን ትከፍታላችሁ። መብራቱ ቁጥር ይቆጥራል። 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶች (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍቱና የሚዘጉ ቫልቮች) ናቸው። 64 የሎክአፑ (ሞተሩንና ካምቢዮውን ቀጥታ የሚያቆላልፈው) ነው። 42 እና 61 የፍጥነት ሴንሰሮች።

ሌላም አለ። ሶሌኖይድ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ የካምቢዮውን ሶኬት ነቅላችሁ በእጅ እየቀየራችሁ ቤት መግባት ትችላላችሁ። ሶኬቱ ሲነቀል ኤል 1ኛ ማርሽ ይሆናል፣ 2 ላይ 3ኛ ይይዛል፣ ዲ ላይ 4ኛ። 2ኛ ማርሽ የለም ማለት ነው። ለዳገት አይመችም፣ ግን ያስገባል። ከመርሳ ደሴ አንድ ደንበኛዬን በስልክ እየመራሁ እንዲህ አስገብቼዋለሁ።

የጦሳ ግን ይሄ አይደለም። ዲም ኤልም የሚጠቀሙበት አንድ የወደፊት ክላች አለ። አር ያለ እሱ ይሠራል። አር ሠርቶ ኤል እምቢ ካለ፣ ዘይቱም ካረረ፣ የዚያ ክላች ሸራ አልቋል። ይሄን አይሻርም ብለህ ያዘው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ምን አቃጠለው? ድልብን ስንት ኦቶማቲክ ፕራዶ ይወጣል እኮ። ባለፈው ዓመት ውስጥ ራዲያተር ነክተሃል?


ጦሳ ሥር · ማክሰኞ ጠዋት 3:40

አዎ። ከ4 ወር በፊት ቀይሬዋለሁ። አሮጌው ያንጠባጥብ ነበር። ግንኙነት አለው እንዴ? ሞተሩ እኮ አንድም ቀን ሞቆ አያውቅም።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ጠዋት 3:52

ከመኪናው ሥር ግባ። ከካምቢዮው ጎን የሚነሡ ሁለት ቀጫጭን የብረት ቧንቧዎች አሉ። በእጅህ እየዳሰስክ ወደ ፊት ተከተላቸው። የት እንደሚያልቁ ንገረኝ።


ሀርድቶፕ ብቻ · ማክሰኞ ጠዋት 4:00

ቡና አስፈልቼ እየጠበቅሁ ነው። ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?


ጦሳ ሥር · ማክሰኞ 6:20

ጋሼ፣ ምን ልበልዎ።

ካርቶን አንጥፌ ገባሁ። ቧንቧዎቹን ያዝኳቸው። ከሞተሩ ሥር አልፈው ወደ ራዲያተሩ ይሄዳሉ፣ ግን ራዲያተሩ ጋ አይደርሱም። አንድ ስንዝር ሲቀራቸው ጥቁር የጎማ ቱቦ እንደ ፈረስ ጫማ ተቆልምማ ሁለቱን እርስ በርስ አገናኝታቸዋለች። በሁለት ፋሼታ ጥብቅ ተደርጋ ታስራለች። ቱቦዋን ስጫናት እንደ ደረቅ ቆሎ ተንኮሻኮሸች። ራዲያተሩ ሥር ደግሞ ቧንቧ የሚገባበት ቀዳዳ ጭራሽ የለም።

ይሄ ምን ማለት ነው?


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ 7:05

የማኑዋል ራዲያተር ነው የተገጠመልህ ማለት ነው።

የኦቶማቲክ ራዲያተር በታችኛው ጋን ውስጥ ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ አለው። የካምቢዮው ዘይት በአንደኛው ቧንቧ ሞቆ ይመጣል፣ እዚያ ውስጥ ያልፋል፣ ቀዝቅዞ በሌላኛው ይመለሳል። የማኑዋሉ ይሄ የለውም። የገጠመልህ ሰው ቧንቧዎቹ የሚገቡበት ሲያጣ እርስ በርስ አገናኛቸው። ዘይቱ 4 ወር ሙሉ ከካምቢዮ ወጥቶ ትንሽ ዞሮ እንደ ጋለ ወደ ካምቢዮ ሲገባ ነው የኖረው።

ሞተርህ ያልሞቀውም ለዚህ ነው። የሞተሩ ውኃ በደንብ ይቀዘቅዛል። የካምቢዮው ዘይት ግን ሌላ ነገር ነው። የሞተሩ መርፌ ስለ እሱ ምንም አያውቅም። የሚያውቀው ያ የናቅኸው መብራት ብቻ ነው።

ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ አራዳ ስትል ለምን ዝም አለ? ብዙ ሙቀት ስለማይፈጠር። ቶርክ ኮንቨርተር ማለት የውኃ ወፍጮ በለው። ሞተሩ ዘይቱን ይረጨዋል፣ ዘይቱ የካምቢዮውን መዘውር ገፍቶ ያዞረዋል። መዘውሩ በደንብ ሲዞር ጉልበቱ ሥራ ላይ ይውላል። ዳገት ላይ፣ ጭነት ይዘህ፣ በሲኖ ኋላ በእግረኛ ፍጥነት ስትሄድ ግን ውኃው ይወርዳል ወፍጮው አይዞርም። ያ ሁሉ የባከነ ጉልበት ሙቀት ይሆናል። የካምቢዮ ዘይት ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጤነኛ ነው። 120ን ሲያልፍ ቶሎ ይበላሻል። ያንተ ያለ ማቀዝቀዣ ስንት እንደደረሰ እሱ ይወቀው።


የውጫሌው · ማክሰኞ 7:20

ወላሂ ይሄን ሰምቼ አላውቅም። የጋራዡን ስም ጻፍልን ጦሳ፣ እንጠንቀቅ።


ጦሳ ሥር · ማክሰኞ 7:45

አልጽፍም። ምክንያቱን ልንገራችሁ፣ ያሳፍራል እንጂ። ራዲያተሩን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ነበር፣ አንዱ ዋጋው ከሌላው ቀነስ ይላል። ልዩነቱን ስጠይቅ ልጁ «ያው ነው» አለኝ። ደስ ብሎኝ ርካሹን ይዤ ሄድኩ። መካኒኩ ሲያየው «ትንሽ ይለያል ግን ይሆናል» አለኝ። እኔም ይሁን አልኩ። ሦስታችንም አለንበት።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 1:30

እንዲህ ሲሉ ደስ ይለኛል። መካኒኩ ግን ሳይነግርህ ቱቦ ማሰሩ ልክ አይደለም። «ይሄ አይገጥምም፣ መልሰው» ማለት ነበረበት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ብትቀይረውም ብታስፈታውም መጀመሪያ ራዲያተሩ። ይህችን ቱቦ እንዳለች ትተህ ያገለገለ ካምቢዮ ብታስገባ፣ ከሚቀጥለው ድልብ በኋላ ሦስተኛ ካምቢዮ ፍለጋ ትወጣለህ።

እኔ አስፈታው ነው የምለው። አር ይሠራል፣ ማለትም ፓምፑ ጤነኛ ነው። ፕላኔታሪውም (የማርሽ ጥርሶቹ) ድምፅ ካላሰማ ደህና ነው። የሸራና የጎማ ማኅተም ኪት አዲስ አበባ ይገኛል። ያገለገለ ልግዛ ካልክ ግን ሦስት ነገር ያዝ። የናፍጣው ሞተር ካምቢዮ መሆኑን አረጋግጥ፣ የቤንዚኑ የፊት ደወሉ (ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ክፍል) አይገጥምልህም። ከነቶርክ ኮንቨርተሩ ግዛ። ብር ከመክፈልህ በፊት ኮፓው (ከሥር ያለው የዘይት መያዣ) ተፈትቶ እይ። ውስጡ ማግኔቶች አሉ። እነሱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ቀጭን ነገር ካለ ተራ ነው፣ አትደንግጥ። የብረት ፍርፋሪ ወይም ጥቁር ቅርፊት ካየህ ግን ሰላም ብለህ ውጣ። ሻጩ «ኮፓ አይከፈትም» ካለህም ያው መልስ ነው።

ቶርክ ኮንቨርተሩን አትርሳ። የተቃጠለው ሸራ ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። ካልታጠበ ወይም ካልተቀየረ አዲሱን ሸራ ያንኑ ዱቄት ያበሉታል። ኮፓውን ስትፈታ ከጠቅላላው ዘይት ትንሹ ክፍል ነው የሚወጣው። ብዙው እዚያ ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥና ቧንቧዎቹ ውስጥ ይቀራል። «ዘይት ቀየርኩ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የቀየረው አንድ ጭልፋ ነው።


አምባሰል 4x4 · ማክሰኞ ማታ 2:15

የሌላውን ዓይነት ራዲያተር ችግር እኔ ልጨምር። ትክክለኛው የኦቶማቲክ ራዲያተር ነበረኝ፣ ግን አርጅቶ ውስጡ ተሰነጠቀ። ውኃው ካምቢዮ ውስጥ ገባ። ዘይት መለኪያውን ሳወጣ ማኪያቶ የመሰለ ሮዝ አረፋ። ውኃ ሸራዎቹን ከሥራቸው ነው የሚያላቅቃቸው። እንዲህ ካያችሁ አንድ ሜትር አትንዱ፣ ሞተርም አታስነሡ።


ሀርድቶፕ ብቻ · ማክሰኞ ማታ 2:30

እሺ ማኑዋል ይሻላል አልልም ዛሬ። ጦሳ ግን አንድ ጥያቄ፣ ለምን በካቮ አልጎተትካትም? አይሱዙ ለመጫን ስንት ከፈልክ?


ጦሳ ሥር · ማክሰኞ ማታ 2:38

ዋጋ አትጠይቁኝ፣ እናቴም ታነባለች። ኦቶማቲክ አይጎተትም ሲሉ ሰምቼ ነው።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 3:00

ደግ አደረግህ። የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማዎቹ ካምቢዮውን ቢያዞሩት ውስጡ ያለ ዘይት ይሽከረከራል። በመግፋትም የማትነሣው ለዚህ ነው፤ ሃያ ሰው ብታሰልፍ ላባቸው ነው።

የግድ ከሆነ አንድ መላ አለ። የትርፉን ማንሻ፣ ያንን የፎር ዊሉን ማለቴ ነው፣ ኤን ላይ ታደርገዋለህ። ያኔ ጎማዎቹ ከካምቢዮው ይለያያሉ፣ ቀስ ብሎ መጎተት ይቻላል። ነገር ግን ልብ በሉ፣ ትርፉ ኤን ላይ ከሆነ ፒ መኪናውን አይዝም! የካምቢዮው ፒ እና ጎማው አይተዋወቁም። ቁልቁለት ላይ ከሆናችሁ እጅ ፍሬን ሳትስቡና ጎማ ሥር ድንጋይ ሳታደርጉ ያችን ማንሻ እንዳትነኳት። አንድ ልጅ ሐርቡ መውጫ ላይ ፒ ነው ብሎ ከመኪናው ወርዶ ካቮ ሲያስር፣ መኪናዋ ብቻዋን ሄደች። ማሽላ ውስጥ ገብታ ቆመች እንጂ ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።


አምባሰል 4x4 · ማክሰኞ ማታ 3:20

ጋሼ ቦርከና፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ኤን አድርጌ ብወርድ ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ። ለካምቢዮው ያርፋል ወይ?


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ማክሰኞ ማታ 3:31

አያርፍም፣ ያንተን ፍሬን ነው የሚጨርሰው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እኛ ከ1,900 በታች ነን። ያን ሁሉ ከፍታ በፍሬን ሸራ ብቻ ልትወርደው ነው? 2 ላይ አድርግ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጎማቸው እየጨሰ የሚቆሙትን በየሳምንቱ አያለሁ።

ለዳገት ደግሞ፦ ኦዲውን አጥፋ። በጣም ሲያዘግምህ ቆም ብለህ ትርፉን ሎው አስገባ። ብዙ ሰው ሎው ለጭቃ ብቻ ይመስለዋል። በሎው ስትወጣ ሞተሩ እንደ ልቡ ይዞራል፣ ካምቢዮው ውስጥ መንሸራተቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱም አብሮ። መብራቱ ከበራ ዳር ያዝ፣ ፒ አድርግ፣ ግን ሞተሩን አታጥፋ። በቀስታ ይሥራ። ዘይቱ በማቀዝቀዣው የሚዞረው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ጦሳ አጥፍቶ አንድ ሰዓት መጠበቁ አልረዳውም። እርግጥ ለእሱ ቢሠራም ባይሠራም ያው ነበር፣ ቱቦዋ አለች።


ጦሳ ሥር · ከ3 ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ማታ

ወገን፣ ቃሌን ልጠብቅ።

ኮምቦልቻ ወስጄ አስፈታሁት። ማን እንደፈታው አልናገርም፣ ራሱ ካልተናገረ። ሸራዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አሳየኝ። የደህናው ሸራ መልኩ የብስኩት ነው፣ በጣት ሲነካ ሻካራ። የወደፊቱ ክላች ሸራ ግን ምንም የለውም፣ ብረቱ ብቻ ቀርቷል፣ እሱም ሰማያዊ ሆኗል። አንዱን ለመታሰቢያ አምጥቼ ቁልፍ መስቀያ አድርጌዋለሁ።

ኪቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። ቶርክ ኮንቨርተሩ አዲስ አበባ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ተበይዶ ተመለሰ። ብዙ ያስቆየን እሱ ነው። ራዲያተሩ በኦቶማቲኩ ተተካ። ጋሼ ከራዲያተሩ ፊት ሌላ ትንሽ ማቀዝቀዣ ጨመረልኝ። መጀመሪያ በራዲያተሩ፣ ከዚያ በእሱ አልፎ ይመለሳል። ዘይቱ ደክስሮን ነው የገባው፣ የእኔ መኪና የሚለው እሱን ስለሆነ። አዳዲሶቹ ሌላ ነው የሚሉት፣ መጽሐፉን ሳታዩ አትግዙ።

ባለፈው እሑድ ድልብን ሞከርኩት። ጤፍ የለም፣ እናቴ ግን አለች። ሎው አስገብቼ ወጣሁ። መብራቱ አልበራም። ጋሸና ላይ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠን ወርጄ ቧንቧዎቹን በእጄ ዳሰስኩ። አንዱ ይፋጃል፣ አንዱ ለብ ያለ ነው። እናቴ «መኪና ላይ ምን ትለምናለህ» አለችኝ።


የውጫሌው · ሐሙስ ማታ 3:45

ማሻአላህ። ጋሼ ቦርከናን ዓይን አይንካቸው።

እኔ ግን አንድ ነገር ልናገር። ይሄን ክር ሳነብ ሰንብቼ ዛሬ የአጎቴን ኮብራ ሥር ገባሁ። ባለፈው ክረምት ራዲያተር ቀይራ ነበር። ቱቦ አለ። ጥቁር፣ የተቆለመመ። ሁለት ፋሼታ።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 3:47

እንዳትነሣ። ቁልፉን ኪስህ አድርገው። የት ነው ያለችው?


የውጫሌው · ሐሙስ ማታ 3:50

ሐይቅ። ግን አጎቴ ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፣ ሙሽራ ጭኜ ወደ ተንታ ነው የምወጣው ይላል።


ቦርከና (ኮምቦልቻ) · ሐሙስ ማታ 3:52

ሙሽራዋን በሌላ መኪና ይውሰዷት። ነገ ከጁምዓ በኋላ እመጣለሁ። ያን የሞተር ዘይትም የጨመራችሁት ስንት ሊትር እንደሆነ አስታውሰህ ጠብቀኝ።